ከሎስ አንጀለስ (ኤልኤ) ወደ ቬጋስ፦ ዬርሞ ላይ ያለው የድሮ ዳይነር፣ እናትን ይዞ መቆም ያዋጣል?

የመታሐራዋ (ሰኞ፣ ማታ 3 ሰዓት)

ሰላም ቤተሰብ። አንድ ነገር ላማክራችሁ።

እናቴ ከአገር ቤት ከመጣች ሦስት ሳምንቷ ነው። የፊታችን ዓርብ ቬጋስ ወንድሜ ጋ ይዣት እሄዳለሁ። መንገዱን ታውቁታላችሁ። ኢንተርስቴት 15፣ ወደ 430 ኪሎ ሜትር፣ አብዛኛው በረሃ። እኔ ሁሌ ባርስቶ ነዳጅ እሞላለሁ፣ ከመኪና ሳልወርድ ቡና እገዛለሁ፣ ከዚያ እፈተለካለሁ። ከባርስቶ ትንሽ አለፍ ሲል ዬርሞ ላይ ፔጊ ሱ የሚባል ዳይነር፣ የመንገድ ዳር ምግብ ቤት ማለት ነው፣ አለ። የ1950ዎቹ ዓይነት ቤት። ስንት ዓመት ታፔላውን እያየሁ አልፌዋለሁ። አንድም ቀን ገብቼ አላውቅም።

አሁን እናቴን ይዤ ዝም ብዬ ማለፍ አልፈለግሁም። እሷ የመንገድ ዳር ቤት ነገር በጣም ትወዳለች። ለምን እንደሆነ በኋላ እነግራችኋለሁ።

ችግሩ፣ ዕድሜዋ 71 ነው፤ ጉልበቷን ያማታል፤ ደረጃ አትችልም። ደግሞ ፍልሰታ ነው። እስከ 7 ሰዓት አትቀምስም። ከዚያ በኋላስ እዚያ ቤት ለጿሚ የሚሆን ነገር ይገኛል? የገባችሁበት ካላችሁ ንገሩኝ።

የጭነቱ ሾፌር (ሰኞ፣ ማታ 4 ሰዓት)

እህቴ፣ ቁሚ። እኔ በዚያ መንገድ በሳምንት ሁለቴ እመላለሳለሁ። ከባርስቶ ስትወጪ ጎስት ታውን ሮድ የሚለውን መውጫ ያዢ። ከፍሪዌዩ ወርደሽ ወዲያው ታገኚዋለሽ። ቤቱ ምድር ላይ ነው፤ ደረጃ የሚባል ጣጣ አላየሁበትም።

ሙቀቱን ግን አትናቂው። በነሐሴ 43 ዲግሪ እዚያ ብርቅ አይደለም። መኪናሽን አቁመሽ አንድ ሰዓት ቆይተሽ ስትመለሺ የቀበቶው ብረት ቆዳ ይልጣል። እኔን አንዴ ክንዴ ላይ ጠብሶኛል። ለእማማ ወንበር ላይ የሚነጠፍ ፎጣ ያዢ። ቀበቶውንም በፎጣው ሸፍኚው። ውሃ አንድ ካርቶን ኋላ አስቀምጪ፤ ለመጠጥ ባይሆን ለራዲያተር ይሆናል።

የኒዮን ወዳጅ (ሰኞ፣ ማታ 5 ሰዓት ተኩል)

እንደዚህ ዓይነት ቤቶችን እያሳደድኩ ፎቶ ማንሳት ከጀመርኩ ዓመታት ሆነኝ፤ ስለዚህ ትንሽ ልዘርዝር።

ፔጊ ሱ በ1954 ሲሠራ ትንሽ ነገር ነበር። ባንኮኒው ላይ 9 በርጩማ፣ ከጎኑ 3 ባለመደገፊያ ጠረጴዛ። በቃ። በ1987 አንድ ባልና ሚስት ይዘው እንደገና ከፈቱት። ከዚያ ወዲህ ነው እየተቀጠለ የሰፋው። የአይስክሬም ባንኮኒ መጣ፣ ፒዛ ቤት መጣ፣ የድሮ ዘመን ሸቀጥ የሚሸጥ ሱቅ መጣ። ከኋላ ደግሞ ከብረት የተሠሩ ዳይኖሰሮች የቆሙበት ግቢ አለ። ዳይነርና ዳይኖሰር የሚሉትን ሁለት ቃላት አጋጥመው ነው የግቢውን ስም ያወጡት። ግድግዳው ሁሉ ኤልቪስና ማሪሊን ሞንሮ ነው።

ዳይነር የሚለው ቃል ከየት እንደመጣ ታውቃላችሁ? ከባቡር ነው። ረጅም መንገድ የሚሄድ ባቡር የራሱ መመገቢያ ፉርጎ ነበረው፤ ስሙ ከዚያ ተወሰደ። ሥራው ግን የተጀመረው በጋሪ ነው። በ1872 ፕሮቪደንስ፣ ሮድ አይላንድ ውስጥ ዋልተር ስኮት የሚባል ሰው ፈረስ በሚጎትተው ጋሪ ሳንድዊችና ቡና ይዞ ማታ ማታ ጋዜጣ ማተሚያ ቤት ደጃፍ መቆም ጀመረ። ምግብ ቤቶች ሲዘጉ የሌሊት ሠራተኛው የሚበላው አልነበረውም። ጋሪው እያደገ ሄዶ ቤት ሆነ። ኒው ጀርሲ ውስጥ ያሉ ፋብሪካዎች ቤቱን ከነባንኮኒው፣ ከነምድጃው ሠርተው ጭነው ይልኩት ነበር። ዳይነር ጠባብና ረጅም የሆነው ለዚህ ነው። በባቡር ወይም በመኪና መጫን ስላለበት ከመንገዱ ስፋት መብለጥ አይችልም።

በረሃ ውስጥ ያሉት ብዙዎቹ እዚያው የተገነቡ ናቸው፤ መልኩን ነው የወረሱት። ታፔላቸው ከቤታቸው የሚበልጥበትም ምክንያት አለ። በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር የሚነዳ ሰው ታፔላውን አይቶ፣ ከቤተሰቡ ጋር ተማክሮ፣ ፍሬን እስኪይዝ ጊዜ ይፈልጋል። ትንሽ ታፔላ ከሆነ ሲያነበው አልፎታል። ስለዚህ ሰማይ ላይ ይሰቅሉታል፣ ቀስት ያደርጉበታል፣ በኒዮን ያበሩታል።

የዚያ ዓይነቱን አሠራር ጉጊ ይሉታል። ስሙን ያገኘው ጆን ላውትነር በ1949 ሎስ አንጀለስ ሰንሴት ቡለቫርድ ላይ ከነደፈው ቡና ቤት ነው። ኤልኤ ያላችሁ በረሃ መውረድ እንኳ ካልቻላችሁ ላ ቲሄራ መንገድ ላይ ያለውን ፓንስ ሂዱና እዩት። የ1958 ቤት ነው። ጣሪያው ብቻ መንገዱን ያስረሳል።

የፌርፋክሷ (ማክሰኞ፣ ጠዋት 2 ሰዓት)

የጾሙን ነገር ለእኔ ተዪው፤ ተቃጥዬበታለሁ።

ባለፈው ዓመት ሌላ የመንገድ ዳር ቤት (ስሙን አልጠራውም) ሃሽብራውን አዘዝኩ። ድንች ነው ብዬ። ቅቤ አይግባበት አልኩ፤ እሺ አለ ልጁ። ግማሹን ከበላሁ በኋላ ቀና ስል ማብሰያው ከባንኮኒው ጀርባ ፊት ለፊቴ ነበር። አንድ ሰፊ የብረት ምጣድ። በአንዱ ጥግ ቤከን (የአሳማ ሥጋ) ይንጫጫል፣ ስቡ እየፈሰሰ የእኔን ዓይነት ድንች ይነካል። ያኔ ነው የገባኝ። ልጁን አልወቀስኩትም። እኔ ነኝ ያልጠየቅሁት።

ስለዚህ የምትጠይቂው ‹‹ሥጋ አለበት ወይ›› ብለሽ ሳይሆን ‹‹ምን ላይ ነው የሚበስለው›› ብለሽ ነው። ፍሬንች ፍራይ ለብቻው ዘይት ካለው ይበላል። ዶሮ የሚጠበስበት ዘይት ከሆነ ይቅር። የሽንኩርት ቀለበቱ ሊጡ ወተት ሊኖረው ይችላል። ቶስት ደረቁን ከማርማላታ ጋር፣ ሰላጣ ያለ አይብና ያለ ነጩ ማባያ፣ ዘይትና ኮምጣጤ ለብቻ አምጡልኝ በያቸው። አንዳንድ ቦታ የተቀቀለ ወይም በምድጃ የተጋገረ ድንች ከነልጣጩ አለ። እሱ ከተገኘ እናትሽ ጠግባ ትወጣለች።

ቡናው ጥቁር ነው፤ እሱ ችግር የለውም። ቀጭን ነው ግን። አስቀድመሽ ንገሪያት።

የደሴው (ማክሰኞ፣ ጠዋት 3 ሰዓት)

የፌርፋክሷ እህት፣ አላህ ይስጥሽ። ያው የእኛም ጣጣ እዚያው ምጣድ ላይ ነው። እኔ ከልጆቼ ጋር ስገባ የቱና ሳንድዊች አዝዛለሁ፣ ዳቦው ምጣድ ላይ እንዳይነካ እነግራለሁ። እስካሁን ተቆጥቶ የመለሰልኝ የለም። በትሕትና ከጠየቅሽ ገብተው አብሳዩን ይጠይቁልሻል። ለልጆቹ ሚልክሼክ አለ፤ ያ ረጅም ብርጭቆ ሲመጣ ያለው ጩኸት ራሱ ደስ ይላል።

የኢንግልዉዱ (ማክሰኞ፣ ቀን 6 ሰዓት)

እኔ ደግሞ የተለየ ሐሳብ አለኝ፤ አትቀየሙኝ። ለአንድ በርገርና ለስላሳ የሚከፈለውን ሳስበው ያመኛል። ምግቡ በየትኛውም ቦታ የምታገኚው ዓይነት ነው። ቱሪስት ይበዛል፣ ወረፋ አለ። እናትሽን በጾም፣ በሙቀት፣ በጉልበት ሕመም ለአሮጌ ጁክቦክስ (ሳንቲም ሲገባበት ዘፈን ለሚያጫውት ሣጥን) ብለሽ አታንከራትቻት። ሌሊት ተነሺ፣ በብርድ ንጂ፣ ቬጋስ ገብታ ከዘመድ ጋር ሽሮዋን ትብላ። ቬጋስ እኮ የእኛ ምግብ ቤት ሞልቷል። የክላርክ ካውንቲ መስተዳድር በ2023 ሊትል ኢትዮጵያ ብሎ ሰፈር ሰይሞልናል። ለእናት የሚሻለው ይሄ ነው።

ቬጋስ ታክሲ (ማክሰኞ፣ ቀን 8 ሰዓት)

የኢንግልዉዱ ወንድሜ ያለው በሙቀቱ በኩል እውነት ነው። ግን እናቶች እኛ እንደምናስበው አይደሉም። የእኔ እናት መጥታ ሳለ አምስት ሰዓት መኪና ውስጥ አስቀምጬ ቬጋስ አስገባኋት። ‹‹አገሩን አየሁ ብዬ ምን ብዬ ላውራ?›› አለችኝ። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ወደ ቬጋስ ስትቀጥሉ ቤከር ላይም ለአፍታ ቁሙ። እዚያ 41 ሜትር ገደማ የሚሆን ቴርሞሜትር ቆሟል። ቁመቱ በጫማ 134 ነው፤ ሞት ሸለቆ ውስጥ በሐምሌ 1913 በፋረንሃይት 134 ዲግሪ ስለተመዘገበ ነው። በእኛ 56.7 መሆኑ ነው። ከቤከር በኋላ ዳገቱ ይጀምራል። ከ300 ሜትር ገደማ ተነስተሽ ማውንቴን ፓስ ላይ ከ1,400 በላይ ትወጫለሽ። አሮጌ መኪና ከሆነ እዚያ ነው የሚፈላው። የሙቀቱ ቀስት ከፍ ካለ ኤሲውን አጥፊ፣ መስኮት ክፈቺ፣ ቀስ በዪ።

ስትመለሱ እሑድ ከሰዓት አትነሱ፣ እባክሽ። የኤልኤ ሰው ሁሉ በዚያ ሰዓት ነው የሚመለሰው።

የመታሐራዋ (ማክሰኞ፣ ማታ 2 ሰዓት)

እግዚአብሔር ይስጥልኝ ሁላችሁም። የኢንግልዉዱ፣ አልተቀየምኩም። ሙቀቱን አስቤበታለሁ፤ መኪናዬ ደህና ናት። ግን እናቴ ሽሮ ቤቷም አላት። ይሄ ቤት ነው የሌላት።

የኒዮን ወዳጅ፣ ስለ 9 በርጩማና 3 ጠረጴዛ ያልከውን አነበብኩላት። ዝም አለችና ‹‹ከእኔ ይበልጣል›› አለች።

እናቴ መታሐራ ላይ፣ ዋናው መንገድ ዳር፣ ከ20 ዓመት በላይ ሻይ ቤት ነበራት። የአሰብና የጂቡቲ ሾፌሮች ቤት ነበር። 4 በርጩማና አንድ አግዳሚ። ለዚህ ነው የጠየቅኋችሁ።

የኒዮን ወዳጅ (ማክሰኞ፣ ማታ 3 ሰዓት)

እንዲህ ከሆነማ አንድ ቀን አምቦይም ውሰጃት። በነሐሴ አይደለም፤ ኅዳር ወይም ታኅሣሥ ካለች።

አምቦይ ከዬርሞ ወደ ደቡብ ምሥራቅ፣ ሩት 66 በሚባለው የድሮ አውራ ጎዳና ላይ ነው። ሮይስ የሚባል ቤት አለ። በ1938 ነዳጅ ማደያና ጋራዥ ሆኖ ተጀመረ፤ ኋላ ምግብ ቤትና ማደሪያ ተጨመረበት። በ1959 ያቆሙት ታፔላ 15 ሜትር ነው፤ ቀይ ቀስቱ ወደ ቤቱ ያመለክታል። ለጥ ባለ በረሃ ላይ ከሩቅ ሲያዩት ብቻውን ነው።

በ1973 ኢንተርስቴት 40 ተከፈተ። አዲሱ መንገድ በሰሜን በኩል አለፈ። መኪና ቀረ። ቤቱ አልተቃጠለም፣ ምግቡ አልተበላሸም፣ ባለቤቱ አልሰነፈም። መንገዱ ነው የሄደው። ሰው በአንዴ ተበተነ። የአዲስ–አዳማ ፈጣን መንገድ በ2014 (እ.ኤ.አ.) ሲከፈት በድሮው መንገድ ዳር ያሉትን ቤቶች ሳስብ አምቦይ ነበር የታየኝ።

በ2005 አልበርት ኦኩራ የሚባል የዶሮ ጥብስ ቤቶች ባለቤት መንደሩን በሙሉ በ425,000 ዶላር ገዛው። ሩት 66 ይወድ ነበርና እንደነበረው እመልሰዋለሁ ብሎ ነው። ነዳጁን አስጀመረ። በ2019 ታፔላው ከብዙ ዓመት ጨለማ በኋላ እንደገና በራ። እሱ በ2023 አረፈ፤ ቤተሰቡ ይዞታል።

ወጥ ቤቱ ግን አልተከፈተም። ከመሬት የሚወጣው ውሃ ጨው ነው። አጠገቡ ያለው የደረቀ ሐይቅ ራሱ የጨው ማምረቻ ነው። ስለዚህ ባንኮኒው አለ፣ በርጩማው አለ፣ የሚበላ ነገር የለም። ለስላሳና የታሸገ መክሰስ ነው የሚሸጡት። እኔ እዚያ ባንኮኒ ላይ ሩትቢር የሚሉትን ቀዝቃዛ ለስላሳ ይዤ ግማሽ ቀን ቁጭ ብዬ አውቃለሁ። የባቡሩ ድምፅ ይሰማል፣ ከዚያ ዝም ይላል።

የድሮውን መንገድ ጎርፍ ድልድዩን እየወሰደ በየቦታው ይዘጉታል። ከመነሳትሽ በፊት ክፍት የሆነውን አጣሪ። ከኢንተርስቴት 40 በኬልቤከር መንገድ መውረድ ይሻላል።

ጋሼ ባቡር (ረቡዕ፣ ጠዋት 1 ሰዓት)

ልጆች፣ እንደምን አደራችሁ። ውይይታችሁን ሳነብ አደርኩ።

እኔ ድሬዳዋ ነው የተወለድኩት። አባቴ የምድር ባቡር ሠራተኛ ነበሩ። ዳይነር ከባቡር መጣ የሚለውን ልጃችን ሲጽፍ ልቤ ወደ አዋሽ ነው የሄደው። ባቡሩ አዋሽ ሲቆም ሰው ሁሉ ወደ ቡፌው ነበር የሚሮጠው። ያ ግቢ፣ ያ ቡገንቪል። ውጭው እሳት ነው። በረንዳው ሥር ግን ጠረጴዛው ላይ ልብስ ተነጥፏል፣ ሹካና ቢላ ተሰድሯል። ልጅ ሆኜ ሹካ ለመጀመሪያ ጊዜ የያዝኩት እዚያ ነው። አባቴ እጄን ይዘው አሳዩኝ።

ለዚህ ነው ኬልሶ ስገባ ያለቀስኩት። ቤከር ላይ ታጥፋችሁ በኬልቤከር መንገድ ወደ ደቡብ ስትወርዱ፣ በሞሃቬ ጥብቅ ቦታ መካከል አንድ ትልቅ የባቡር ጣቢያ ታገኛላችሁ። ከ1924 ጀምሮ የቆመ ነው። እንፋሎት ባቡሩ እዚያ ውሃ ይቀዳ ነበር። ወደ ሲማ የሚወስደው ዳገት ከባድ ስለሆነ ገፊ ሎኮሞቲቭም ከዚያ ነበር የሚቀጠልለት። ሠራተኛው እዚያ ይተኛል፣ እዚያ ይበላል። የምሳ ባንኮኒው አሁንም አለ። ቢነሪ ይሉታል፤ ከባቄላ የመጣ ስም ነው። እስከ 1985 ሲሠራ ቆይቶ ነው የተዘጋው። ከ2005 ወዲህ የጎብኚ ማዕከል አድርገውታል። አንዳንዴ ለጥገና ይዘጋልና ጠይቃችሁ ሂዱ።

ልጄ የመታሐራዋ፣ እናትሽን ሰላም በይልኝ። መታሐራን በባቡር አልፌያታለሁ። ምናልባት ሻይዋን ጠጥቼ ይሆናል፤ ማን ያውቃል።

የመታሐራዋ (ረቡዕ፣ ጠዋት 3 ሰዓት)

ጋሼ፣ አነበብኩላት። ‹‹ባቡሩስ ጣቢያ ነው የሚቆመው፣ እኔ መኪና መንገድ ላይ ነበርኩ፤ ግን ሰላም በያቸው፣ የአገሬ ሰው ናቸው›› ብላለች። እግዚአብሔር ያክብርልኝ።

የመታሐራዋ (እሑድ፣ ማታ 1 ሰዓት)

ተመለስን። ቅዳሜ ማታ ነው የተነሳነው፤ ቬጋስ ታክሲ፣ ምክርህ ጠቅሞናል።

ዬርሞ የደረስነው ዓርብ 7 ሰዓት ከሩብ ላይ ነው። መኪናው 44 ዲግሪ ይላል። ፎጣውን አንጥፌ ነበር። የጭነቱ ሾፌር፣ እሷ ራሷ ‹‹ይሄ ልጅ የሚያውቅ ልጅ ነው›› ብላለች።

በሩን ስንከፍት ቀዝቃዛ አየር ፊታችንን መታን። ወለሉ ጥቁርና ነጭ ዳማ ነው። እናቴ በሩ ላይ ቆመች። ኤልቪስን አላየችም። ጁክቦክሱንም አላየችም። ያየችው አስተናጋጇን ነው። ዕድሜዋ ገፋ ያለ ሴት ነች፣ ውሃ ሰማያዊ ቀሚስ፣ ነጭ ሽርጥ። በአንድ ክንዷ ሦስት ሳህን ደርድራ በሌላኛው እጇ የቡና ማንቆርቆሪያ ይዛ ትሄዳለች። እናቴ እስክታወርድ ድረስ በዓይኗ ተከተለቻት። ‹‹እኔ ሁለት ነበር የምችለው›› አለች።

በርጩማው ለጉልበቷ ከፍ አለባት። ባንኮኒው የሚታይበት ዝቅ ያለ መቀመጫ ላይ ተቀመጥን። አስተናጋጇ መጥታ ‹‹ሃኒ›› አለቻት። ምን አለችኝ ትላለች እናቴ። ማር ማለት ነው አልኳት። ‹‹ማሬ ነው ያለችኝ?›› ብላ እንደገና አየቻት።

የፌርፋክሷ ያለችኝን ቃል በቃል ጠየቅሁ። ሴትዮዋ አልሰለቸችም። ገብታ አብሳዩን ጠይቃ ተመለሰች። ድንቹ ለብቻው ዘይት ነው አለች። ፍሬንች ፍራይ፣ ደረቅ ቶስት በማርማላታ፣ ሰላጣ ያለ አይብ። እናቴ ሁሉንም ጨረሰች። ቡናው እንዳላችሁት ቀጭን ነው። ግን ስኒዋ በጎደለ ቁጥር ሴትዮዋ ሳትጠየቅ ትሞላላታለች። ሦስተኛው ላይ እናቴ መዳፏን ስኒው አፍ ላይ አደረገች። ሴትዮዋ ገባት። ትከሻዋን ነካ አድርጋት ሄደች።

ከኋላ ያሉትን ዳይኖሰሮች አየናቸው። ልጆች ይሯሯጣሉ። እናቴ ግን እዚያ ያሉትን ዛፎች እያየች ‹‹ይሄን ማን ያጠጣዋል?›› ስትለኝ ነበር። በዚያ በረሃ ውሃ ምን ማለት እንደሆነ ታውቃለች። መታሐራ ላይ ውሃ በጀሪካን በጋሪ ነበር የምትገዛው። መጀመሪያ ለሻይ፣ ከዚያ ለዕቃ ማጠቢያ፣ የታጠበበት ደግሞ ደጅ ላይ ላለችው ኒም ዛፍ።

መውጫ ላይ ሒሳብ ከፈልኩ። ቲፑን እኔ ካርድ ላይ ጨምሬዋለሁ። እናቴ ግን ከቀሚሷ ኪስ አምስት ዶላር አወጣች። ወንድሜ የሰጣት ነው። ጠረጴዛ ላይ አላስቀመጠችውም። ሄዳ እጇ ውስጥ አስጨበጠቻት። ሴትዮዋ ሁለቱንም እጆቿን ያዘቻት። አልተነጋገሩም፤ ቋንቋ የላቸውም። ትንሽ እንደዚያ ቆዩ።

መኪና ውስጥ ገብተን ብዙ አወራች። የማላውቀውን። ሾፌሮቹን ገና ከሩቅ በጥሩምባቸው ታውቃቸው እንደነበር። አንዱ ታሞ ሁለት ሳምንት አግዳሚው ላይ እንዳስታመመችው። አንዱ የሻይ ዕዳውን ከሦስት ዓመት በኋላ ከጂቡቲ የሴት ሽቶ ገዝቶ እንደከፈላት። 35 ዓመቴ ነው፣ ይሄን አልሰማሁም ነበር።

የኢንግልዉዱ (እሑድ፣ ማታ 2 ሰዓት)

እህቴ፣ ያልኩትን አንስቻለሁ። የእኔም እናት በጥር ትመጣለች። መውጫው ጎስት ታውን ሮድ ነው አይደል ያላችሁት?

የፌርፋክሷ (እሑድ፣ ማታ 2 ሰዓት ተኩል)

አዎ እሱ ነው። ደውለህ የሥራ ሰዓታቸውን ጠይቅ። ከበላችሁ በኋላ ካሊኮም ቅርብ ነው፤ በ1881 በብር ማዕድን የተቆረቆረች ከተማ ናት፣ ብሩ ዋጋ ሲያጣ ሰው ጥሏት የሄደ። በጥር አየሩ ለእናትህ ጥሩ ነው።

የጭነቱ ሾፌር (እሑድ፣ ማታ 4 ሰዓት)

የጥሩምባውን ነገር ሳነብ መኪና ውስጥ ነበርኩ፣ አቁሜ ነው ያነበብኩት። ለእማማ ንገሪልኝ። ማክሰኞ ሌሊት ዬርሞ ስደርስ በእሳቸው ስም ሁለት ጊዜ እነፋለሁ።

የመታሐራዋ (እሑድ፣ ማታ 4 ሰዓት ከሩብ)

ነገርኳት። ‹‹ሁለት ጊዜ የሚነፋ አላፊ ነው›› ትላለች። ሰላም ብሎ የሚያልፍ። የሚቆም ሾፌር ሦስት ጊዜ ነበር የሚነፋው፤ ያኔ እሷ ሻዩን ትጥዳለች።

የጭነቱ ሾፌር (እሑድ፣ ማታ 4 ሰዓት ተኩል)

እንግዲያው ሦስት። ሌሊት ዝግ ከሆኑ እስኪነጋ እጠብቃለሁ።